ንጋት ሐይቅ፦ ትውውቅ

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ አሶሳ ከባሕር ርቃ በደጋማ አምባ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በክልሏ ውስጥ ታላቅ የውኃ ዳርቻ ተፈጥሮ ሳለ፣ ዓባይን ስለሚገድበው ስለ ሕዳሴ ግድብ የሚናገረው ሰው ስለ መብራቱ አብዝቶ ስለ ሐይቁ ዝም ማለቱ ያሳዝነኛል፤ ንጋት ተብሎ የተሰየመው ይህ ሐይቅ ስለ ራሱ ሊታወቅ ይገባዋልና።

ከአሶሳ ማልዶ የሚነሣ መንገደኛ፣ ማንጎ ያጠላባቸውን ሰፈሮችና የበርታ ሰዎች ከሽመል የሚሠሯቸውን ቤቶች ካየ በኋላ ወደ ሰሜን ቍልቍል ሲጓዝ፣ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው አገር ሐይቁ ሲሞላ ወደሚደርስበት ወደ 640 ሜትር ከፍታ ስለሚወርድ፣ የማለዳው ቅዝቃዜ በቆላው ሐሩር ይተካበታል።

መጻሕፍተ ቤተ ክርስቲያን ግዮን የሚሉት ዓባይ፣ የመሠረቱ ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ በተጣለው፣ 145 ሜትር ከፍታና 1,780 ሜትር ርዝመት ባለው ግንብ ተገትቶ ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኋላው ሲመለስ፣ ዋናውን ሸለቆ ሞልቶ አልበቃውም፤ ዳቡስን የመሰሉ ገባሮች በሚወርዱባቸው ጎድጓዶች ሁሉ እየገባ እያንዳንዱን ሰላጤ አደረገው፣ የኮረብቶቹንም ራስ ለብቻው አስቀርቶ ደሴት አሰኘው። ስለዚህ የሐይቁ ዳር ክብ ሳይሆን ጣት እንደ ዘረጋ እጅ የተበታተነ ነው፤ ውበቱም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ስፋቱ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከጣና ያንሳል፤ ነገር ግን ጣና ጥልቀት የሌለው ሲሆን ይህ በገደል መካከል የተኛ በመሆኑ፣ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የጣናን ከእጥፍ በላይ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

ከውኃው በታች ግን የሰው አገር ነበረ። በወንዙ ዳር ያርሱና ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ የጉሙዝ ቤተሰቦች ርስታቸውን ለቀው ወደ ሌላ መንደር ተሻግረዋል፤ የእያንዳንዱን ቍልቍለትና ጅረት ስም የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፣ ለጎብኚ መሪና ለጀልባ ቀዛፊ ሲፈለግ አስቀድሞ ሊጠሩ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው።

ዳርቻው እንደ ባሕር ዳር በአንድ ስፍራ አይጸናም። ኃይል ለማመንጨት ውኃው ሲለቀቅ ከፍታው ከ640 ሜትር ወደ 590 ሜትር ሊወርድ ስለሚችል፣ በክረምት ፍጻሜ ሣሩን የነካው ውኃ በበጋ ከዚያው ስፍራ ይሸሻል፤ መሬቱ ለጥ ባለበት በኩል ደግሞ ሽሽቱ እጅግ ሩቅ ነው። ሰላጤዎቹን ሞልተው ማየት የሚሻ ሰው ከመስከረም በኋላ ይሂድ፤ የጀልባ ማረፊያ የሚያንጽም ባለሙያ በድንጋይ የተተከለውን ትቶ፣ ከውኃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ ያዘጋጅ።