ደም ሲቀጥን

ወንድሜ ባለፈው ዓመት ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ብዙ ደም ፈሶት ነበር። ነርሷ በደም ፋንታ «ጉሉኮስ» የምንለውን ፈሳሽ ስትሰቅል አየሁና፣ የሕግ ሰው ዝም አይልምና፣ ወጣቱን ሐኪም ያዝኩት። «ደም ለፈሰሰው ሰው ውኃ ትሰጣላችሁ?»

«ጋሼ፣ መድማቱ ቆሟል፤ ሔሞግሎቢኑም 8 ነው፤ ልቡ ጤነኛ ነው። ቀጭን ደም ሁሉ ደካማ ደም አይደለም» አለኝ።

ያስረዳኝን፣ ኋላ ካነበብኩት ጋር አዳብዬ ላካፍላችሁ። ኦክስጅንን የሚሸከመው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ሔሞግሎቢን ነው። ፈሳሽ ሲጨመር በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ሔሞግሎቢን ይቀንሳል። ሆኖም የቀጠነ ደም በጠባብ የደም ሥሮች በቀላሉ ያልፋል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ይበዛል፤ ልብም በየምቱ ብዙ ይረጫል። ጭነቱ የቀነሰ መኪና ምልልሱን እንደሚጨምር ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ያረፈ ጤነኛ ጎልማሳ ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። እያንዳንዱ ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ስለሚይዝ ድምሩ 1,000 ነው። ሰውነት የሚጠቀመው ግን 250 ያህሉን ብቻ ነው፤ ሌላው ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ ሔሞግሎቢኑ በግማሽ ቀንሶ ፍሰቱ በግማሽ ቢጨምር 750 ይደርሳል። ሕብረ ሕዋሳቱ በሩብ ፋንታ ሲሶውን ወስደው ያንኑ 250 ያገኛሉ።

ማስረጃም አለ። በ1999 እ.ኤ.አ. በካናዳ ተመራማሪዎች የታተመ፣ 838 ጽኑ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ነው። ሔሞግሎቢናቸው ከ7 ሲወርድ ብቻ ደም ከተሰጣቸው መካከል በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት፣ ከ10 ሲወርድ ከተሰጣቸው አልበለጡም።

ይሁንና ይህ ፍርድ ይግባኝ አለው። ልብ በዕረፍት ጊዜም ቢሆን ከሚደርሰው ደም አብዛኛውን ኦክስጅን ስለሚወስድ መጠባበቂያው ትንሽ ነው። የልቡ ደም ሥር የጠበበበት ሰው ደሙ ሲቀጥን ቀድሞ ይጎዳል። ክፉኛ እየደማ ላለ ሰውም ፈሳሽ ብቻውን አያድንም፤ ደም ግድ ነው።

ስለዚህ አስታማሚ ሆነን «ደም ስጡልን» ከማለታችን በፊት «ሔሞግሎቢኑ ስንት ነው? መድማቱ ቆሟል? ልቡስ?» ብለን እንጠይቅ።

ወንድሜ አንድ ከረጢት ደም ሳይወስድ ቤቱ ገባ። ለእርሱ የተሰለፍነው ዘመዶች ግን ሰጥተን ተመለስን። እርሱ ያልፈለገው ደም፣ በወሊድ ለምትደማ እናት ሕይወት ነውና።