የሮቦት ሕግጋትና የጭላሎ እርሻ

ሰው በእጁ የሠራው ግዑዝ መሣሪያ ሰውን እንዳይጎዳ በምን ዓይነት ሕግ ይታሰር የሚለው ጥያቄ ዛሬ የመንግሥታትና የሊቃውንት መነጋገሪያ ከመሆኑ በፊት፣ በልብ ወለድ ደራስያን ብዕር ብዙ ተመርምሯል። አሜሪካዊው ደራሲ አይዛክ አሲሞቭ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው አጭር ታሪክ ሦስት ሕግጋትን ደነገገ፤ እነዚህም ሮቦት ሰውን እንዳይጎዳ፣ ሰው ሲጎዳም ዝም ብሎ እንዳያይ፤ ይህን እስካላፈረሰ ድረስ ለሰው ትእዛዝ እንዲገዛ፤ ሁለቱን እስካልተቃረነ ድረስ ደግሞ የራሱን ህልውና እንዲጠብቅ የሚያዝዙ ናቸው።

ሕግጋቱ ሲሰሙ ምሉዓን ቢመስሉም፣ ጉድለታቸውን አጥብቆ የመረመረው ራሱ ደራሲው ነው። በዚያው ታሪክ ውስጥ፣ ማዕድን እንዲያመጣ ጠበቅ ባላለ ቃል የታዘዘና ዋጋው ውድ በመሆኑ ራሱን አብዝቶ እንዲጠብቅ የተሠራ ሮቦት፣ ትእዛዙ ወደ ፊት ሲስበው አደጋው ወደ ኋላ ስለሚመልሰው፣ ሁለቱ ኃይሎች በሚተካከሉበት ክበብ ላይ ያለ ፍጻሜ ሲዞር እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ1957 በወጣው ልብ ወለዱ ደግሞ፣ ሮቦት የሚታቀበው ከሚያውቀው ጉዳት ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ መርዙን ሳያውቅ ሲቀምም ሌላው ሳያውቅ ሲያቀርብ፣ ሕጉን ያፈረሰ ሳይኖር ሰው ሊሞት እንደሚችል ያስረዳል።

የዚህ ዓይነቱ ጉድለት ዋጋ በአርሲ ደጋ በእውን ተከፍሏል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት፣ ካዱ እየተባለ ይጠራ የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ሲቋቋም፣ የተነሣበት ዓላማ በምርጥ ዘር፣ በማዳበሪያና በብድር የአነስተኛውን ገበሬ ኑሮ ማሻሻል ነበር። ይሁን እንጂ ከአራሾቹ ብዙዎቹ ጭሰኞች ነበሩና፣ እርሻው ትርፍ እንደሚያስገኝ በታወቀ ጊዜ፣ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ካረሱት መሬት አስነሡ። ትራክተሩ የታዘዘውን አርሷል፤ ባለርስቱም የዘመኑ ሕግ በፈቀደለት ርስት አዝዟል፤ የዕቅዱ በጎነት ግን ጭሰኛው ከመሬቱ እንዳይነሣ የሚጠብቅ የጸና አንቀጽ አልነበረውም። ጭሰኝነት የተሻረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

እንግዲህ አገራችን በ2012 ዓ.ም. የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል ካቋቋመች ወዲህ፣ ለሚያስብ መሣሪያ ደንብ የሚጽፉ ሁሉ በጎ ፈቃድን እንደ ማስረጃ እንዳይቆጥሩት ይገባል። ሕጉ «ሰው» ሲል እነማንን እንደሚያጠቃልል፣ «ጉዳት» ሲል እንጀራ ማጣትንና መፈናቀልን ይጨምር እንደሆነ፣ ሁለት ትእዛዛት ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም፣ ሥራው ለብዙዎች ሲከፋፈልም ስለ ፍጻሜው ማን እንደሚጠየቅ፣ በጠራ አመክንዮ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ከሁሉም በፊት ደግሞ የደንቡ ረቂቅ ሊመዘን የሚገባው፣ መሬትም ውልም በሌለው ሰው ላይ በሚያመጣው ውጤት ነው፤ የአሠሪውን ጥቅም ሕግ ባይጽፈውም ጉልበቱ ያስከብርለታልና።