«ጊፍት»፦ ስጦታም መርዝም የሆነ ቃል



እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው በጀርመን አገር በአንድ ጠርሙስ ላይ «ጊፍት» የሚል ጽሑፍ ቢያነብ፣ ስጦታ ያገኘ ሊመስለው ይችላል። ጠርሙሱ የያዘው ግን መርዝ ነው። ይህ መመሳሰል አጋጣሚ ነውን? አይደለም።

ሁለቱም ቃላት የተገኙት ከአንድ ጥንታዊ የጀርማኒክ ግሥ ነው፤ እርሱም በዛሬው ጀርመንኛ «ጌበን»፣ በእንግሊዝኛ «ጊቭ» የሚባለው፣ «ሰጠ» ማለት የሆነው ግሥ ነው። ስለዚህ የስሙ ቀዳሚ ፍች «መስጠት» ወይም «የተሰጠ ነገር» ነበር። ልዩነቱ የመጣው ምን፣ ለማን ተሰጠ ከሚለው ነው።

አንደኛው መንገድ ጋብቻ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ ስለ ሙሽራይቱ የሚከፈለውን ጥሎሽ፣ በብዙ ቁጥር ሲነገር ደግሞ ሠርግን ያመለክት ነበር። በስዊድንኛ፣ በዴንማርክኛና በኖርዌይኛ ዛሬም «ያገባ» ማለት ነው። በጀርመንኛም «ሚትጊፍት» ሙሽራይቱ ከወላጆቿ ይዛ የምትሄደው ሀብት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሕክምና ነው። በግሪክኛ «ዶሲስ» መስጠት ማለት ሲሆን፣ ሐኪሞች ተለክቶ የሚሰጠውን መድኃኒት በዚሁ ቃል ጠሩት፤ ላቲንም ቃሉን ተቀበለው። ጀርመኖች ይህንኑ አርአያ ተከትለው፣ ለሞት የሚሰጠውን ሳይቀር በለዘበ አነጋገር «የተሰጠ» አሉት። ከዘመን ብዛት ልዝብነቱ ተረሳ፤ በጀርመንኛ መርዝነቱ ብቻ ቀረ። ሆላንድኛ ግን ቃሉን ለሁለት ከፈለው፤ ስጦታው «ኺፍት»፣ መርዙ «ኺፍ» ተባለ። በስዊድንኛ ግን ያገባውም መርዙም እስከ ዛሬ በአንድ ቃል ይጠራሉ።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። «መድኃኒት» የሚለው ቃላችን «ዳነ» ከሚለው የግዕዝ «ድኅነ» የወጣ ነው። ነገር ግን «የአይጥ መድኃኒት» ስንል አይጧን የሚያድን ማለታችን አይደለም። «መድኃኒት አበሉት» ሲባልም ፈውስን የሚያስብ ሰሚ የለም። እኛም እንደ ጀርመኖቹ የሚገድለውን በሚያድነው ስም ሸፍነነዋል።

ዐዋቂ ሰው ፍቹን ከዐውዱ ይረዳል። ፀረ ተባይ የተቀመጠበትን ጠርሙስ «መድኃኒት» ሲባል የሰማ ሕፃን ግን ዐውድ የለውም። ስለሆነም የቃላትን ታሪክ ማጥናት ለምን ይጠቅማል ለሚለኝ ተማሪ መልሴ አጭር ነው፤ የለዘበ ቃል ምን እንደሚሸፍን ያወቀ ሰው፣ በጠርሙሱ ላይ «መርዝ» ብሎ በግልጽ ይጽፋል።