ለጽኑ ሕመም በአንጎል ውስጥ የሚተከል መሣሪያ

ሕመም ለሰው ልጅ ከተፈጥሮ የተሰጠ ጠባቂ ነው፤ እሳት የነካው እጅ ፈጥኖ የሚሸሸው፣ የተሰበረም አጥንት እስኪጠገን ድረስ በጥንቃቄ የሚያዘው በሕመም አስገዳጅነት ነውና። ነገር ግን ቁስሉ ሽሮ፣ አጥንቱም ገጥሞ፣ የደዌው ምክንያት ካለፈ በኋላ ሕመሙ ብቻውን ለወራትና ለዓመታት ሲሰነብት ጠባቂነቱ ቀርቶ ራሱን የቻለ ደዌ ይሆናል። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለው ጣቱ ሲያቃጥለው፣ ከስትሮክ የተረፈ ሰው ግማሽ አካሉን ሌት ተቀን ሲለበልበው፣ ሐኪም ቢመረምር በቦታው ላይ የሚታይ ቁስል አያገኝም፤ ስለዚህም ቤተሰቡና ጎረቤቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ሐኪሙ ራሱ፣ የሕመምተኛውን ቃል እስከ መጠራጠር ይደርሳሉ። ከዚህ በታች የምናስተዋውቀው ሕክምና ግን የተመሠረተው ሕመምተኛው እውነቱን ነው በሚል እምነት ላይ ነው።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ትምህርት፣ ከቁስል የሚነሣው መልእክት በቀጥታ ወደ አንጎል እንደማይዘልቅ፣ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ ደጅ ጠባቂ አንዱን የሚያስገባ ሌላውን የሚመልስ ሥርዓት እንዳለ፣ ለዚህም ደጅ ጠባቂ አንጎል ከላይ ትእዛዝ እንደሚሰጠው አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ዴቪድ ሬይኖልድስ በአይጦች አንጎል መካከል፣ ፈሳሽ በሚያልፍበት ቀጭን ቦይ ዙሪያ ባለው ግራጫ ክፍል የኤሌክትሪክ ኃይል ቢለቅባቸው፣ ያለ ማደንዘዣ መድኃኒት ሆዳቸውን ለመቅደድ መቻሉን ገለጠ። የሞርፊንን ኃይል የሚሽረው ናሎክሶን ይህንንም ማስታገሻ በከፊል እንደሚሽረው ሲታይ፣ አንጎል ከሞርፊን ጋር የሚመሳሰል የራሱ መድኃኒት እንዳለው ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1973ም ዮሺዮ ሆሶቡቺና ባልደረቦቹ፣ የፊታቸው ስሜት ጠፍቶ ሳለ ሕመሙ ላልለቀቃቸው ሰዎች፣ አብዛኛው የስሜት መልእክት በሚያልፍበት ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ሽቦ መትከልን ጀመሩ።

የአተካከሉም ሥርዓት እጅግ ጥንቃቄን ይሻል። የሕመምተኛው ራስ በብረት ማዕቀፍ ተይዞ፣ በኤም አር አይ ሥዕል የተለካው ቦታ ከተወሰነ በኋላ፣ የራስ ቅሉ በትንሹ ይበሳና ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ በጫፉ ላይ በተለምዶ አራት የኤሌክትሪክ መልቀቂያ ነጥቦች ያሉት ሽቦ ቀስ እየተባለ ይገባል። አንጎል ሌላውን አካል ሕመም እንዲሰማው የሚያደርግ ሆኖ ሳለ እርሱ ራሱ ሲነካ ሕመም ስለማይሰማው፣ ቆዳው ብቻ ደንዝዞ ሕመምተኛው ነቅቶ ሊቆይ ይችላል፤ ሐኪሙም ኃይሉን ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ምን እንደተሰማው ይጠይቀዋል። ሽቦው በታላመስ ተገቢውን ስፍራ ካገኘ በሚያመው ቦታ ላይ እንደ መውረር ያለ ስሜት ይመጣል፤ በቦዩ ዙሪያ ባለው ግራጫ ክፍል ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙቀት ይሰማል። ከዚያም ሽቦው ለጥቂት ቀናት ወደ ውጭ ወጥቶ ይፈተናል፤ ሕመሙ በእርግጥ ለቀነሰለት ሰው ብቻ በደረቱ ላይኛው ክፍል፣ ከቆዳው ሥር፣ ኃይል የሚሰጠው ባለ ባትሪ መሣሪያ ይቀበርለታል። ይኸው መሣሪያ ለእጅ መንቀጥቀጥ ሲያገለግል በሰከንድ 130 ጊዜ ያህል የሚለቀቀው ኃይል፣ ለሕመም ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ50 በታች ነው።

ይህን ሁሉ ስንናገር የሕክምናውን ወሰን መሰወር አይገባም። የደም መፍሰስና የቁስል መመርቀዝ አደጋ ስላለ፣ መድኃኒትና ቀላል ሕክምና ሁሉ ተሞክሮ ላልረዳው ሰው ብቻ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ውጤት፣ በአሜሪካ የተደረጉ ሁለት ታላላቅ ሙከራዎች፣ ቢያንስ የታካሚዎቹ ግማሽ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመማቸው በግማሽ ይቀንስላቸዋል የተባለውን መለኪያ ሳያሟሉ ቀሩ፤ የአገሪቱም የመድኃኒት ባለሥልጣን መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1997 ለመንቀጥቀጥ ሲፈቅድ ለሕመም አልፈቀደም። ትልቁ ችግር የሕመምን መጠን ከሕመምተኛው አንደበት በቀር የሚመሰክር አለመኖሩ፣ አንዱንም የጠቀመው ስፍራ ሌላውን አለመጥቀሙ ነበር።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2023 ፕራሳድ ሽርቫልካርና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ ያሳተሙት ጥናት ታላቅ ግምት ይሰጠዋል። አራት ሕመምተኞች የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መሣሪያ ተተክሎላቸው፣ በየቤታቸው ሆነው በቀን ደጋግመው ሕመማቸውን ሲመዝኑ ለወራት ከቆዩ በኋላ፣ ከዓይን ጉድጓድ በላይ ያለው የአንጎል ክፍል የሚያሳየው ምልክት ሕመማቸው የበረታበትን ጊዜ ለመለየት አስችሏል። ይህ ምልክት በብዙ ሰዎች ዘንድ ከጸና፣ ሕመሙ ሲነሣ ብቻ ራሱ ተነሥቶ የሚያስታግስ መሣሪያ ለመሥራት መንገድ ይከፍታል። እስከዚያው ግን ከዚህ ምርምር የምንማረው ትምህርት ለሁላችን የቀረበ ነው፤ የማይታይ ሕመም የሌለ ሕመም አይደለምና፣ የሚያቃስተውን ሰው ማመን የሕክምናው መጀመሪያ ሊሆን ይገባል።