ሪትሪቨር ውሾች በወፍ አደን ሥልጠና

ሪትሪቨር (አምጪ ውሻ) አዳኝ ተኩሶ የጣለውን ወፍ ፈልጎ፣ ሳያበላሽ በአፉ ይዞ ለባለቤቱ እንዲያመጣ እየተመረጠ የተራባ የአዳኝ ውሻ ዓይነት ነው። ከሌሎች የወፍ አዳኝ ውሾች የሚለየው በሥራው ነው። ፖይንተር ወፉ ያለበትን በሽታው አግኝቶ ባለበት ቆሞ ያመለክታል፤ ስፓንየል ከቁጥቋጦ አስነሥቶ ያበርራል፤ ሪትሪቨር ግን ዋና ሥራው የሚጀምረው ከተኩሱ በኋላ ነው። ጥሩ አምጪ ውሻ ከሌለ የቆሰለ ወፍ ሣር ውስጥ ተደብቆ ሲሠቃይ ይሞታል፤ ሥጋውም ለማንም አይጠቅምም።

ዝርያዎቹ

ስድስት የታወቁ የሪትሪቨር ዝርያዎች አሉ።

ላብራዶር ሪትሪቨር የተገኘው በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ዓሣ አጥማጆችን ያግዙ ከነበሩ የውኃ ውሾች ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ብሪታንያ ተወስዶ ተራብቷል፤ የአገሪቱ ኬኔል ክለብም እ.ኤ.አ. በ1903 በዝርያነት መዝግቦታል። ጸጉሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቶሎ ስለሚማርና ስሕተት ሲሠራ ቢታረም ስለማያኮርፍ ለጀማሪ አሠልጣኝ ይመረጣል።

ጎልደን ሪትሪቨር መነሻው ስኮትላንድ ነው። ሎርድ ትዊድማውዝ በጊሳካን ርስታቸው ቢጫ ሪትሪቨርን ከትዊድ የውኃ ስፓንየል ጋር አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ1868 የመጀመሪያዎቹን ቡችሎች አገኙ። አሠልጣኙን ለማስደሰት ይጥራል፤ ቁጣ ግን ቶሎ ያስከፋዋል። ረጅም ጸጉሩ እሾህና ጭንጫ ይይዛል።

ቼሳፒክ ቤይ ሪትሪቨር የአሜሪካ ዝርያ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1807 በሜሪላንድ ጠረፍ ከተሰበረ መርከብ ከተረፉ ሁለት ቡችሎች ነው። ቅባታም ጸጉሩ ውኃ ስለማያስገባ በበረዶ መካከል እንኳ ዳክዬ ያመጣል። ጠንካራና በራሱ የሚወስን በመሆኑ ትዕግሥተኛ አሠልጣኝ ይፈልጋል።

ፍላት ኮትድ ሪትሪቨር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በብሪታንያ የአደን ጠባቂዎች ዘንድ የተወደደ ነበር። ደስተኛ ነው፤ ነገር ግን የቡችላነት ጠባዩን ቶሎ ስለማይተው ሥልጠናው ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ከርሊ ኮትድ ሪትሪቨር ከሪትሪቨሮች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጥቅልል ጸጉሩ ከውኃና ከቁጥቋጦ ይከላከልለታል።

ኖቫ ስኮሺያ ዳክ ቶሊንግ ሪትሪቨር በመጠን ከሁሉም ያንሳል። በሐይቅ ዳር እየዘለለ ሲጫወት ዳክዬዎች ሊያዩት ይቀርባሉ፤ አዳኙ ሲተኩስም ሄዶ ያመጣል።

የሥልጠናው ደረጃዎች

በዝርያዎቹ መካከል ልዩነት ቢኖርም ሥልጠናው አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ቡችላው ሲጠራ መምጣትንና ሳይታዘዝ አለመሮጥን ይማራል። ቀጥሎ በሸራ የተሠራ ጥቅል ተወርውሮለት የወደቀበትን ቦታ በዓይኑ መያዝና እጅ ላይ ማስረከብ ይለማመዳል። በመጨረሻም ሲወድቅ ያላየውን ወፍ በፊሽካና በእጅ ምልክት እየተመራ ይፈልጋል። በተለምዶ አንድ ረጅም ፊሽካ «ቁም»፣ ተከታታይ አጫጭር ፊሽካ ደግሞ «ና» ማለት ነው። የጠመንጃ ድምፅ የሚለማመደው ከሩቅ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ነው፤ ገና በጅምሩ የደነገጠ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ተኩስ ሊፈራ ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚፈለገው «ለስላሳ አፍ» ነው፤ ይኸውም ወፉን ሳይነክስ መያዝ ማለት ነው።

ሪትሪቨርና እስላማዊ የአደን ሕግ

የሶማሌ ክልል ሕዝብ በአብዛኛው የሻፊዒን መዝሀብ የሚከተል ሙስሊም ነው። በዚህ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ስለሆነ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ ከአፈር ጋር ነው። ለአደንና ለከብት ጥበቃ ውሻ መያዝ ግን ይፈቀዳል። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 4 የሠለጠነ እንስሳ ለባለቤቱ የያዘውን አደን መብላት ይፈቅዳል። ሠልጥኗል የሚባለውም ሲላክ የሚሄድ፣ ሲከለከል የሚቆምና ካደነው የማይበላ እንስሳ ነው።

እነዚህ መስፈርቶች ከሪትሪቨር ሥልጠና ጋር በእጅጉ ይቀራረባሉ። ልዩነቱ ሪትሪቨር ወፉን ራሱ አለመግደሉ ነው። በሕይወት የተገኘ አደን በደንቡ መታረድ ስላለበት፣ የቆሰለን ወፍ ሳይገድል የሚያደርስ ለስላሳ አፍ እዚህ ላይ ተጨማሪ ዋጋ አለው።

ሞቃታማና ደረቅ አካባቢ

ሪትሪቨሮች የተራቡት ለቀዝቃዛ ውኃ ስለሆነ ንጽጽራቸው በደረቅ አገር ይለወጣል። ለምሳሌ በጀረር ሸለቆ የምትገኘው ደገሀቡር ቆላማ ናት፤ ዙሪያዋም ቁጥቋጦና እሾሃማ ዛፍ የበዛበት ነው። በሶማሌ ክልል ያሉት ጅግራና ቆቅ ከመብረር ይልቅ መሮጥ ያዘወትራሉ። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ የዋና ችሎታ ብዙም አይጠቅምም፤ የቆሰለውን ሯጭ በእግሩ ሽታ ተከታትሎ የሚደርስ አፍንጫ ግን ወሳኝ ነው። የቼሳፒክ ቅባታም ጸጉር ሸክም ይሆናል፤ የጎልደንና የፍላት ኮትድ ረጅም ጸጉር እሾህ ይሰበስባል። በዚህ ረገድ አጭር ጸጉር ያለው ላብራዶር የተሻለ ነው።

ሆኖም ላብራዶርም ከሙቀት አያመልጥም። ውሻ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። ጉጉ ሪትሪቨር ደክሞትም ሥራ ስለማያቆም፣ እረፍቱን መወሰን ያለበት ባለቤቱ ነው። በተጨማሪም በአንዳንድ ላብራዶሮች፣ ቼሳፒኮችና ከርሊ ኮትዶች ከብርቱ ሩጫ በኋላ የኋላ እግርን የሚያዝል የዘር በሽታ አለ። ስለዚህ በሞቃት አገር ሥልጠና የሚሰጠው በማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ በአጭር በአጭሩና ውኃ እየቀረበ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አይዘለልም።

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳትን ለማደን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የሚመራው በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ዐዋጅ ነው። በሸራ ጥቅል የሚደረገው ሥልጠና ግን ወፍ መግደልን አይጠይቅም።