የዋልታው ብርሃን ኤሌክትሪክ ቡጎሎቢ ሲደርስ

ካምፓላ ውስጥ፣ ቡጎሎቢ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላችሁ ስንት ሌሊት ብታንጋጥጡ የዋልታውን ብርሃን፣ ኦሮራን፣ አታዩትም፤ የእሱ ሰማይ ወደ ዋልታው ነው። ብርሃኑን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ግን እኛው አናት ላይ ይደርሳል! እስቲ ከመልኩ ልጀምርላችሁ።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ቅስት አለ፤ ሰማዩን በስሱ የሚያለብስ ደብዛዛ አለ፤ በብርሃኑ መሐል ጥቁር ስንጥቅ ሆኖ የሚታይም አለ። በደማቁ ቅስት ላይ፣ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በምድር መግነጢሳዊ መስመር አቅጣጫ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ልዩነት ይፈጠራል። ኤሌክትሮኖቹን ቁልቁል ያስፈነጥራቸዋል፤ ከመሬት ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብለው ከኦክስጅን ጋር ሲጋጩ አረንጓዴው ይበራል። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ በቅስቱ ውስጥ ያለው አየር ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ፣ አግድም ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ብዙ ጊዜ ከብርሃኑ ውስጥ ይልቅ ከጎኑ ይበረታል። እዚያ በሜትር በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊቮልት ይደርሳል፤ አንዳንዴም ከ100 ያልፋል። በጥቁሩ ስንጥቅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ መስኩ ኤሌክትሮኖችን ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ደብዛዛው እንዲህ ያለ ግፊት አያሻውም፤ የጠፈር ሞገዶች ኤሌክትሮኖቹን ከመንገዳቸው እያሳቱ ወደ አየሩ ይጥሏቸዋል።

አሁን ወደ እኛ። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ የሚያልፈው በካምፓላ ሳይሆን በአዲስ አበባ አካባቢ ነው። በዚያ መስመር ላይ፣ 105 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። የሚነዳው መስክ በሜትር ግማሽ ሚሊቮልት ያህል ቢሆን ነው። ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ኮሌጅ ያቋቋሙት ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የዚህን ጅረት መግነጢሳዊ አሻራ መዝግቧል። የፀሐይ ማዕበል ሲነሳ የዋልታው መስክ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ወገቡ ዘልቆ ይገባል፤ ያኔ ጅረቱ በድንገት ይበረታል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይዞራል።

ካምፓላስ? ያው መስክ በወገቡ ላይ ያለውን በኤሌክትሪክ የተሞላ አየር እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ አጉኖ በሰሜንና በደቡብ ያወርደዋል፤ እኛ በደቡቡ በኩል ነን። ፀሐይ ከገባች በኋላ በዚህ አየር ውስጥ የሚፈጠሩት ጉድጓዶች የጂፒኤስን ምልክት ያንቀጠቅጣሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ሜክሲኮ ድረስ ኦሮራ ያሳየው ማዕበል በወገቡ ላይ ያለውን አየርም አናውጦታል።

በአፍሪካ ይህን የሚለኩ መሣሪያዎች ዛሬም ጥቂት ናቸው። ከልጆቻችሁ ፊዚክስ የሚወድ ካለ፣ ወደዚህ ሙያ ምሩልን።