ሁለተኛውን ወረቀት እናንብብ

ውሃ ሲጠፋ ለማን እንናገራለን? መንገድ ተቆፍሮ ሳይደፈን ሲቀር፣ ቆሻሻ ሳይነሳ ሲከርም ማን ይጠየቃል? አብዛኞቻችን «መንግሥት ነዋ!» ብለን እናልፈዋለን። መንግሥት ግን ብዙ በር ያለው ቤት ነው። በሩን ያላወቀ ሰው ሲያንኳኳ ይውላል።

አዲስ አበባን እንውሰድ። መብራት የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ ነው። ውሃ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ የሰፈር መንገድና የመሬት ጉዳይ ግን የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው። አስተዳደሩን የሚቆጣጠረው ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ 138 መቀመጫ አለው። የከተማውን ሕግ ያወጣል። በጀት ያጸድቃል። በጀት ማለት ለዓመቱ ሥራ የተመደበ ገንዘብ ማለት ነው። ከንቲባውን የሚመርጠውም ይኸው ምክር ቤት ነው።

ታዲያ ምክር ቤቱን ማን ይመርጠዋል? እኛው ነዋሪዎቹ ነን።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምርጫ ሲደረግ እያንዳንዱ መራጭ ሁለት ወረቀት ይሰጠው ነበር። አንደኛው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሁለተኛው ለከተማው ምክር ቤት ነው። በዚያን ዕለት ሰልፉ ረጅም ስለነበር የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሟል። ያን ያህል ቆሞ ሁለተኛው ወረቀት የምን እንደሆነ ሳያውቁ መመለስ አያስቆጭም?

በማስተምርበት ክፍል ስለዚህ ነገር ስንጫወት፣ ምልክቱን ጎረቤት ነግሯቸው እንደገቡ ያጫወቱኝ እናቶች አሉ። ድምፅ ምስጢር ነው። ወደ መጋረጃው ጀርባ ብቻችንን የምንገባውም ለዚህ ነው። ማንበብ ያልቻለ ሰው ግን ብቻውን ቢገባም የሌላ ሰው ቃል ይዞ ይገባል። እናንተ ዛሬ ፊደል ለይታችኋል። ስሙን ራሳችሁ አንብቡ። ስንት ሰው እንደሚመረጥም ከወረቀቱ ላይ እዩ። ያኔ ምስጢሩ የእናንተ ብቻ ይሆናል።

ለመምረጥ 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምርጫ ክልሉ 6 ወር መኖርና አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። መመረጥስ? ዕጩ ማለት ለመመረጥ የቀረበ ሰው ማለት ነው። ዕጩ ለመሆን 21 ዓመት መሙላት ይገባል። ሀብታም ሁን የሚል ሕግ የለም። በፓርቲ መቅረብ ይቻላል። በግል መቅረብም ይቻላል፤ ነገር ግን የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ ያስፈልጋል። የዕድሩን ሒሳብ በታማኝነት የያዘች፣ የሰፈሩን ችግር ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ለምን አትቀርብም? «እሷማ የኛው ናት» ብለን አንናቃት። የሚያስፈልገን እኮ የኛው ሰው ነው።

«አንድ ድምፅ ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ቤቱ የሚቀመጥም አለ። ነገር ግን ዝምታ ለበግም አልበጃት። የምክር ቤቱ ዘመን 5 ዓመት ነው። ሆኖም በ2005 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ የሚቀጥለው የተደረገው በ2013 ነበር። 8 ዓመት ሙሉ! በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን አድጎ ትምህርት ቤት ገብቷል። የምርጫ ቀን ሲመጣ ዝም ብሎ የሚያሳልፉት ቀን አይደለም።

እርግጥ ነው፣ በምርጫ ማግሥት ቧንቧው አይንፎለፎልም። የተመረጠውም ሰው ቃሉን ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ ዕጩ ወደ ሰፈራችሁ ሲመጣ ዝም ብላችሁ አታጨብጭቡ። ውሃውን በተመለከተ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ጠይቁት። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ጠይቁት። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ከተመረጠ በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱና አንብቡለት። አሁን መጻፍም ማንበብም ትችላላችሁ።